ማንም ያላየው ጭልፊት

በመጀመሪያ ይቅርታ። ይቅርታዬ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች መግቢያቸው ላይ እንደሚያስቀምጡት፣ "የጎደለ ካለ ሙሉበት፣ የበዛ ካለ ቀንሱልኝ" የሚባለው ዓይነት አይደለም። ከልቤ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ቆሜ የምጠይቀው ነው። ስንት የሚነገር ቁም ነገር ባለበት አገር፣ ሽበቴን ይዤ የሰው ጊዜ የምሻማው ስለ ጫጩት ለማውራት ነውና። ስለ ፈረስ ቢሆን ያምርብኝ ነበር። ስለ በሬም ቢሆን ማንም አይስቅብኝም። ጫጩት ግን ክብደት የላትም፤ በመዳፍ ይዘዋት የሚረሷት ነገር ናት። እንዲህ ያለች ነገር ይዤ አደባባይ መውጣቴ እኔንም ያሳፍረኛል። ሆኖም ይህን ያህል ዓመት ዝም ብዬ ብይዘው ደረቴ ላይ ተቀምጦ አላስተነፍስ አለኝ። ልንገራችሁና እናንተም ትንሽ ተሸከሙልኝ።

ደግሞ ከአሁኑ ልናገር፤ የተናደድሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ አልተናደድሁም። ድምፄ ከፍ የሚለው ጆሮዬ ስለከበደ ነው።

የከተማ ሰው ደጅ መውጣትን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በሩን ይከፍትና ይወጣል። እኛ ላስታዎች ዘንድ ግን የመጀመሪያ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃን እንኳ ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀኗን ጠብቃ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ የመጀመሪያ መንገዷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫጩትም እንዲሁ ናት። አትሳቁ። ከአሸተን ማርያም በታች ተዳፋቱ ላይ በተሰቀለችው መንደራችን ጫጩት የምታስወጣበት ሥርዓት አላት፤ የትም አልተጻፈም፤ ሴቶቹ ሁሉ ግን ያውቁታል። ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት ያህል ምድጃ አጠገብ ቅርጫት ሥር ይከርማሉ። ከዚያ ነፋስ የሌለበት፣ ፀሐይዋ ውርጩን ከሣሩ ላይ ያነሣችበት ቀን ይመረጣል። እናቲቱ ዶሮ አንድ እግሯ በገመድ ታስሮ ገመዱ ከችካል ጋር ይቋጠራል፤ እናት ሩቅ ካልሄደች ልጆች ሩቅ አይሄዱማ። የጫጩቶቹ ጀርባ የድስት ጥላሸት ይቀባል፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን አፈር መስለውት እንዲያልፋቸው። በላያቸው እሾሃማ የቀጋ ቅርንጫፍ ይረበረባል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንዲት ሴት አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ሥራዋ ጭልፊት ሲመጣ መጮህ ነው። "ሁሽ! ሁሽ! ሁሽ!" አንዷ ስትጀምር ጎረቤቷ ትቀበላታለች፤ የጎረቤቷ ጎረቤት ትቀበላለች፤ ጩኸቱ ከገደል ወደ ገደል እየተወራረሰ ላሊበላ ከተማ ድረስ ይወርዳል። ጭልፊቱም አገር የተነሣበት መስሎት ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

እናት፣ ጥላሸት፣ ጣራ፣ ጩኸት። አንዱ ቢጎድል ያሳስባል። ሁለቱ ቢጎድሉ ያስፈራል። አራቱም ባንድ ጊዜ እንዲጎድሉ ግን ኮሚቴ ያስፈልጋል።

ኮሚቴ ነበረን።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርሁ። ዲያቆን ስለነበርሁ ፊደል አውቃለሁ፤ ፊደል የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ወይ ጸሐፊ ይሆናል ወይ ተጠርጣሪ። ጸሐፊነቱን መረጥሁ። ሊቀመንበራችን አያ ካሳው የሚባል ጥሩ አራሽ፣ ደህና ጎረቤት የነበረ ሰው ነው፤ ነበረ የምለው ሊቀመንበር እስከሆነበት ቀን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ "አያ" ቀረና "ጓድ ካሳው" ሆነ። እኛ ለመድነው። ሚስቱ ብቻ እስከ መጨረሻው አልለመደችውም።

አንድ ቀን ከአውራጃ በካርቶን የታሸጉ ጫጩቶች መጡልን። የፈረንጅ ዘር ናቸው፤ ነጭ፣ በማሽን የተፈለፈሉ፣ እናት የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ። አብሯቸው የመጣውን ወረቀት ለሕዝቡ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ "የተሻሻለ ዝርያ" ይላል። አሟሟታቸው ግን ከማንኛውም ዝርያ አልተሻለም፤ ካርቶኑ ሲከፈት ግማሾቹ አልቀው ነበር። የተረፉትን ማን ያሳድጋቸው ሲባል የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እትዬ ዘነቡ ዞረ።

እትዬ ዘነቡ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከመንደሩ አናት ባለችው ክብ የድንጋይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰውነታቸው ትንሽ፣ ምላሳቸው ረጅም። ዶሮ በማርባት ከሳቸው የሚስተካከል ሰው ተራራው ላይ አልነበረም። ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ወይ ጉድ፤ እናት የሌለው ነገር በሣጥን ይላካል እንዴ?" ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷቸው።

ቤታቸው አንዲት ጥቁር ታቃፊ ዶሮ ነበረቻቸው። ነጮቹን ከሥሯ ቢከቷቸው እየነቆረች አባረረቻቸው። እትዬ ዘነቡ ድስታቸውን ገልብጠው ከቂጡ ጥላሸት እየፋቁ ሃያ አንዱንም ጫጩት አንድ በአንድ ቀቧቸው። ዶሮዋ አንገቷን አዘንብላ አየቻቸው፤ በአንድ ዓይኗ፣ ከዚያም በሌላው። ከዚያ ክንፏን ዘረጋችላቸው። እንዲህ በቀላሉ እናት ሆነች። ለዚህ ሥራ ኮሚቴ አልተቋቋመም።

ጓድ ካሳው ግን መጥቶ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። እኔም አብሬው ነበርሁ፤ ጸሐፊ ሁልጊዜ አብሮ ነው።

"እያንዳንዷ ጫጩት የሰፊው ሕዝብ ንብረት ናት" አላቸው። "አንዷ ብትጎድል በአሻጥር ያስጠይቅዎታል።"

"ጭልፊት ቢወስዳትስ?"

"ጭልፊቱንም ያስጠይቀዋል።"

"በሉ እሱን ይዛችሁ ስትጠይቁት እኔንም ጥሩኝ" አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

እናንተ ፈገግ ልትሉ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ግን አሻጥር የሚለው ቃል አያስቅም ነበር። በዚያ ቃል ተጠርተው ወደ አውራጃ የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ሲመለሱ ያየናቸው የለም። እትዬ ዘነቡም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ዞረው የቆሰቆሱት ምድጃ እሳት አልነበረበትም።

ሦስቱ ሳምንት ሊሞላ ሲል ከአውራጃ እንግዳ እንደሚመጣ ተነገረን። ለጫጩቶቹ መዋያ የሽቦ አጥር ተሠርቶ ነበር፤ የተሠራውም ሰው በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ዛፍ በማይታይበት ጉብታ ላይ ነው። እንግዳው አጥሩን ሊመርቅ ነው። ጫጩቶቹም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ የሚወጡት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በጭብጨባ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔውን ለመንገር ከጓድ ካሳው ጋር እንደገና ወጣን።

"ጥሩ፤ መውጫቸው ደርሷል" አሉ እትዬ ዘነቡ። "እናታቸውን በገመድ ይዣት እመጣለሁ።"

"እሷ ትቅር" አለ ጓድ ካሳው።

"እናት ትቅር? ምን አጥፍታ?"

"ዘሯ ያልተሻሻለ ነው። እንግዳው የሚመጣው የተሻሻለ ዝርያ ሊያይ ነው። ይቺ ጥቁር የአበሻ ዶሮ መሃላቸው ቆማ ሲያያት ምን ይላል?"

"እናታቸው ናት ይላላ!"

"አይደለችማ!"

"እሱን ለሷ ንገራት።"

ጓድ ካሳው ወደ ዶሮዋ አየ። ዶሮዋም አየችው። አልነገራትም።

ቀጥሎ ጫጩቶቹ ታጥበው እንዲመጡ አዘዘ። እትዬ ዘነቡ በኅዳር ቁር ጫጩት ማጠብ መግደል ነው አሉ። እሱ ደግሞ "ሪፖርቱ ነጭ ናቸው ይላል፤ ጥቁር ሆነው ቢገኙ ጸሐፊው ነው የሚጠየቀው" አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ ጊዜ ለታሪክ የሚሆን ቃል መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርሁም። "ለብ ባለ ውሃ ቢሆን ይሻላል" አልሁ።

እትዬ ዘነቡ ያዩኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

የቀጋው ክዳንም ተከለከለ፤ እንግዳው ከመድረክ ሆኖ ጫጩቶቹ እንዲታዩት። ጩኸትም ተከለከለ፤ እንግዳው ሲናገር ማንም ድምፅ እንዳያሰማ።

"ንግግሩ መሃል ጭልፊት ቢመጣስ?"

"ንግግሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።"

"ማን ነው የሚጠብቀው? ጭልፊቱ?"

ጓድ ካሳው ኮፍያውን አስተካከለ። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንተ ካሳው፣ እናትህ ነፍሷን ይማርና ጫጩት ስታስወጣ እሥሯ ቁጭ ብለህ ሁሽ ሁሽ የምትል አንተ አልነበርህም?" አሉት።

"ያ ድሮ ነው" አለ፤ ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀላ። ወጣን።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ለጭልፊት የሚመች ቀን ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ በመስመር ቆሟል። እንግዳው በመኪና ላሊበላ ድረስ፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ መጣ፤ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው፣ አሁን ሳስበው ክፉም የማይመስል ሰው ነበር። ከኋላው ጥቁር መነጽር ያደረገ ሌላ ሰው ቆመ። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልነገረንም። አለመናገሩ ማን እንደሆነ ነገረን። እንግዳው ራሱ ከእኛ ይልቅ ያንን ሰው ይፈራ እንደነበር ያስታውቅ ነበር፤ በየሁለት ቃሉ ወደ ኋላው በትከሻው ያዳምጣል።

ጫጩቶቹ ተለቀቁ። ታጥበው እንደ ባዘቶ ነጥተዋል። መጀመሪያ እግራቸው ሣር ሲነካ ደንግጠው አንድ ላይ ተከማቹ። ከዚያ አንዷ እግሯን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች። ሌላዋ ጉንዳን አገኘችና ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷት ቆማ አየችው። አንዷ አንገቷን አዘንብላ ወደ ሰማይ አየች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከቅርጫት በላይ ሌላ ነገር መኖሩን አታውቅማ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዳው ንግግሩን አደረገ። ጭልፊት አልመጣም። ጓድ ካሳው እትዬ ዘነቡን "አዩ?" በሚል ዓይን አያቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት መስመር ቆመዋል፤ ከጋቢው ሥር ደረታቸው ላይ የሆነ ነገር አብጧል። እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ያስተዋልሁት።

ከዚያ የእኔ ተራ መጣ። ፕሮግራሙን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁና "ለተሰዉት ጓዶች የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት" አልሁ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሙታንን ማሰብ ምን ክፋት አለው? እኛ ለሙታን ፍትሐት የምናደርስ ሕዝብ ነን። ክፋቱ ያለው ደቂቃዋ ላይ ነው። ሰዓት ያለው እንግዳው ብቻ ነው፤ እሱ ቀና ሲል እኔ "እናመሰግናለን" እንድል ታዝዣለሁ። እሱ ደግሞ ቀና አይልም። ከኋላው ያ መነጽር አለ፤ ከመነጽሩ በስተጀርባ ያለው ዓይን ማን ለሙታኑ አሳጥሮ እንዳዘነ እየመዘገበ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳው ያዝናል። እሱ ሲያዝን እኔ አዝናለሁ። እኔ ሳዝን መንደሩ በሙሉ ያዝናል።

በዚህ መሃል ጥላው መጣ።

ልብ በሉልኝ፤ ሁላችንም አቀርቅረናል፤ ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ፀሐይዋ ከአናታችን ናት። ጥላው ከአሸተን በኩል ተንሸራትቶ መጣና መጀመሪያ በጓድ ካሳው ጫማ ላይ አለፈ። ጓድ ካሳው እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ በእኔ ወረቀት ላይ አለፈ፤ ፊደሎቹ ለአንዲት ቅጽበት ጠቆሩ። ከዚያ በመስመሩ ሁሉ ላይ፣ ከባዶ እግር ወደ ባዶ እግር ሄደ፤ የእግር ጣቶች እየተሸበሸቡ ሲሸኙት አየሁ። ያን ጥላ ያላየ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም! በጩኸት ተራራ የሚያንቀጠቅጥ አገር አፉን ዘግቶ የገዛ እግሩን ያያል!

የክንፍ ድምፅ ተሰማ፤ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ። አንዲት ጫጩት ጮኸች። ጩኸቷ ወደ ላይ እየራቀ ሄደ።

ደቂቃዋ ግን አላለቀችም።

የቀሩት ጫጩቶች በሽቦው ዙሪያ እየተራወጡ ጮኹ። ይኼኔ ከእትዬ ዘነቡ ጋቢ ሥር ያበጠው ነገር መለሰላቸው። ጥቁሯን ዶሮ ደብቀው አምጥተዋት ኖሯል። ዶሮዋ የልጆቿን ድምፅ ስትሰማ ከጋቢው ሥር ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ከዚያ ሁሉ ፍጥረት መሃል ለመጮህ ፈቃድ ያልጠየቀች እሷ ብቻ ናት። እትዬ ዘነቡ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አፈኗት። ጥላው ተመለሰ። ሁለተኛ ወሰደ። ሦስተኛ ወሰደ። አራተኛውን ሲወስድ ቸኩሎ እንኳ አልነበረም፤ በኋላ ማንም እንዳይጠይቀኝ እንጂ አጥሩ ላይ አርፎ እፎይ ብሎ ሲነሣ በቅንድቤ ሥር አይቸዋለሁ።

በመጨረሻ መነጽር ያደረገውን ሰው አሳለው። እንግዳው ቀና አለ። እኔም "እናመሰግናለን" አልሁ። ጓድ ካሳው የግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ወረወረና መፈክር አስነሣ፤ ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ ጮኸ። ገደሉ መለሰ። አምስተኛውን ሊወስድ ያንዣብብ የነበረው ጭልፊት በድንጋጤ ተገልብጦ ወደ ላሊበላ በኩል ሸሸ።

ለካ እንችል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። እንግዳው ሪፖርቱ ላይ ሃያ አንድ አንብቧል፤ አጥሩ ውስጥ ያገኘው ዐሥራ ሰባት ነው። እትዬ ዘነቡን አስነሥቶ አራቱ የት እንደደረሱ ጠየቃቸው።

"ጭልፊት ወሰደብኝ፣ ጌታዬ።"

"መቼ?"

"ዛሬ፤ ዝም ባላችሁበት ሰዓት።"

"ያ ሰዓት የህሊና ጸሎት ሰዓት ነው። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ነበር። እርስዎ ቀና ብለው ነበር ማለት ነው?"

 ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ጭልፊቱን አየሁ ማለት ሰማዕታቱን ንቄ ቀና አልሁ ማለት ነው። አላየሁም ማለት ደግሞ ጫጩቶቹን እኔ አጠፋኋቸው ማለት ነው። እኔ የዜማ ቤቱንም የቅኔ ቤቱንም ደጅ የረገጥሁ ሰው እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይቼ አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ግን ፈቱት።

"ቀና አላልሁም" አሉ። "ጥላውን ነው ያየሁት። አጎንብሼ መሬቱን ሳይ ጥላው መጣ።"

እንግዳው ትንሽ ደነገጠ። ከኋላው ያለው መነጽር አልተንቀሳቀሰም። "የጭልፊት ጥላ መሆኑን ቀና ሳይሉ በምን አወቁ?" አላቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ከጭልፊት ጋር ጫጩት ስሻማ የኖርሁ ሴት እኮ ነኝ። ከጠረጠሩኝ ሰውን ይጠይቁ። ሁሉም አቀርቅሮ ነበር፤ ሁሉም ጥላውን አይቷል።"

"መልካም" አለ እንግዳው። ድምፁ ውስጥ ተስፋ ያለ መሰለኝ፤ እሱም መውጫ ይፈልግ ነበር። "ጥላ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።"

እጅ ማውጣት ምን ያህል ቀላል ነገር ነው! ቅድም መፈክር ላይ ስንት ጊዜ አውጥተነዋል። ቀና ማለትን የማያስጠይቅ፣ ሙታኑን የማያስቀይም፣ እውነት የሆነ መልስ መዳፋችን ላይ አስቀመጡልን። የባላቸው ወንድም መሬት ያያል። ጥላሸታቸውን የሚዋሷቸው ጎረቤታቸው የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥራሉ። ጓድ ካሳው ጫማውን ያያል፤ ያንን ጥላው ያለፈበትን ጫማ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝሁ ስለነበር እጄ እስክርቢቶ ይዟል። ይህ ምክንያት ይመስላችኋል? ሌላ እጅ አለኝ እኮ! እግዚአብሔር ሁለት አድርጎ ነው የፈጠረኝ! ግራዬ ጉልበቴ ላይ እንደ ሬሳ ተጋድማ ነበር።

"ጥላ ያየ ሰው አልተገኘም" ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ በጣም የሚያምር ነበር።

እትዬ ዘነቡ ያልተሻሻለች ዶሮ ደብቀው አምጥተው የህሊና ጸሎቱን በማወካቸው፣ በአራት ጫጩቶችም መጥፋት ተከሰው ወደ ማኅበሩ እስር ቤት ገቡ። ጥፋታቸውን አምነው የግለ ሂስ ወረቀት ላይ ከፈረሙ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ካልፈረሙ ወደ አውራጃ ይወርዳሉ ተባለ። ወደ አውራጃ መውረድ ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ወረቀቱን እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነኝ።

እስር ቤታችን የዱሮ ባላባት ጎተራ ነበር፤ ዙሪያውን ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ያለው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቴን ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ሞላ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ "ሁሽ! ሁሽ!" እያለ ይጮሃል። ያበደ መሰለኝ። ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ጥቁሯ ዶሮ በገመድ ከችካል ታስራ ትጭራለች። በላይዋ ቀጋ ተረብርቧል። ዐሥራ ስድስቱ ጫጩቶች እንደ ከሰል ጠቁረው ሥሯ ይርመሰመሳሉ። ለካ እሳቸው ከታሰሩ ወዲህ ጫጩቶቹ አንበላም ብለው ነበር፤ ጓድ ካሳው የቀሩትም ቢያልቁ ተጠያቂው እሱ መሆኑ ሲገባው እናቲቱንም ልጆቹንም ወደ እስረኛዋ ላካቸው። በዚያ አገር ለጫጩት የሚገባው ነገር ሁሉ የተሟላበት አንድ ቦታ እስር ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ጩኸት የተፈቀደለትም ሰው ዘበኛው ብቻ ነበር።

"ና ዲያቆን፣ ተቀመጥ" አሉኝ እትዬ ዘነቡ። የቀረችውን ዐሥራ ሰባተኛዋን ጫጩት ጥላሸት እየቀቡ ነበር። "ምን አምጥተህልኛል?"

አነበብሁላቸው። ጭልፊት እንዳላዩ፣ ጥላም እንዳላዩ፣ ጫጩቶቹ በቸልተኝነታቸው እንደጠፉ፣ ሕዝቡን ይቅርታ እንደሚጠይቁ። እያነበብሁ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ንባብ ላይ ጎበዝ ነበርሁ። ሲያልቅ ጫጩቷን ለቀቋት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "ጥላውን አላየህም?" አሉኝ።

ሞላ ውጭ ነው። ሌላ ሰው የለም። መነጽር የለም። ሰማይና ዶሮ ብቻ አሉ።

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ እትዬ" አልሁ።

 ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። እንዲያው ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሱ። "አውቄዋለሁ!" አሉ። "ሁሉም አይቶ ነው የካደኝ፤ አንተ ግን እጅህን ሳታወጣ ስትቀር አውቄዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ፤ ሰው ለሙታን ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ እንደነሱ መሬት አያጮልቅም። ያላየኸውን አየሁ አላልህም። ደግ አደረግህ።" የጠቆረ አውራ ጣታቸውን፣ የእኔን ቀለም ሳይጠብቁ፣ ወረቀቱ ላይ አተሙት። "አንተ የጻፍኸው ከሆነ እፈርማለሁ።"

በማግሥቱ ተፈቱ። የባላቸውን ወንድም እስኪሞት አላናገሩትም። ጎረቤታቸውንም፣ ካሳውንም ይቅር ያሉ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ከነዚያ ጫጩቶች ያደገችውን የመጀመሪያዋን ቄብ ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ያም ዘመን አለፈ፣ መነጽር ያደረገውም ሰው የት እንደገባ ጠፋ፤ የእሳቸው ወሬ ግን አላለፈም። ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት "ያላየውን አየሁ የማይል አንድ ሰው አለን" እያሉ ያወሩልኛል። መንደሩ አመናቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ወሰን የተጋፋ፣ ውርስ የተጣላ ሁሉ ለምስክርነት የሚጠራው እኔን ነው። ቆሜ እመሰክራለሁ። ሰውም አፉን ይዞ ይሰማኛል።

እትዬ ዘነቡ በጣም አርጅተዋል፤ ግን አሉ። ወደ አሸተን ስትወጡ በስተቀኝ ያለችው ክብ የድንጋይ ቤት የሳቸው ናት፤ ደጃፏ ላይ ቀጋ ተረብርቦ ታያላችሁ። እንግዳ ይወዳሉ። አረፍ በሉ ይሏችኋል፤ ስለ እኔም ያነሡላችኋል። የምለምናችሁ ይኼኔ ነው። አደራችሁን፤ እዚህ የነገርኋችሁን ለማንም አትድገሙት፤ ለሳቸውም ጭምር። ስለ እኔ ሲያነሡ ዝም ብላችሁ መሬት መሬት እዩ።